ስለ ሕፃናት ትምህርትና ስለ ቅኔ ቤት ልማድ

በጎሬ፤ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የተባለው በዓል በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው በየ50 ዓመቱ የሚከበር፤ በባርነት የተያዘው ነጻ የሚወጣበት፤ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። እንግዲህ በኢዮቤልዩ ቀን የሚጠየቀው ያለፉት ዓመታት ምን ምን ተሠራባቸው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ለባለቤቱ ሳይመለስ የቀረው ርስት ምንድን ነው የሚለውም ጭምር ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ፤ ስለ ንዋየ ቅድሳቱ፤ በየጊዜውም ስላገለገሉት አባቶች ሌሎች ተናግረዋልና ያንን መድገም አያስፈልግም። የዚህ ንግግር ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ቅዳሜና እሑድ ወደዚህ ቅጽር ስለሚመጡት ሕፃናት ትምህርት ነው።

የጎሬን ልጅ በሥራው ላይ ያየ ሰው ይደነቃል። ገና በሕፃንነቱ ቀዩን የቡና ፍሬ ከአረንጓዴው ለይቶ ይለቅማል፤ የተሰጣውንም ቡና ደመና ሲጠቁር ማንም ሳይነግረው ይሰበስባል። አባቱ ቀፎ ሊሰቅል ወደ ጫካ ሲወጣ ገመዱን ይዞ ይከተላል፤ ንብ የሚወደው ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ፤ የትኛውም አበባ በየትኛው ወር እንደሚፈነዳ ያውቃል። በቆሎ ሊጠብቅ በተቀመጠ ጊዜ ዝንጀሮው በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገራል። ይህን ሁሉ ዕውቀት ቃል በቃል ያስጠናው የለም፤ አይቶ፤ ነክቶ፤ ተሳስቶ፤ ተመልሶም ሞክሮ ያገኘው ነው። ያው ልጅ ግን መጽሐፍ ከፊቱ ሲደረግለት ዲዳ ይሆናል። የጠየቁትን ሳይሆን ያስጠኑትን ይመልሳል፤ ያስጠኑትም ሲያልቅበት ወደ መሬት ያያል። ይህ የአእምሮ ጉድለት እንዳይደለ የለቀመው ቡና ምስክር ነው።

ጉዳቱም የአንድ ሰበካ ወይም የአንድ አውራጃ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ማንበብ መቻላቸው ተመርምሮ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች መካከል ከ100ው 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በክፍል ውስጥ የተቀመጡ፤ መምህሩ ሲናገር በአንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የመለሱ ናቸው። ሲመልሱ ከውጭ ሆኖ የሰማቸው መንገደኛ፤ ምን ያለ ጎበዝ መምህር ነው ሳይል አያልፍም።

አንዳንድ አባቶች ይህ ሲነገር፤ ድሮ ልጅ ይገረፍ ነበረና ይማር ነበረ፤ ዛሬ ግርፋቱ ሲቀር ትምህርቱም አብሮ ቀረ ይላሉ። አባባላቸው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ እነርሱም በዚያ መንገድ አልፈው ለክህነት የበቁ ናቸውና። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምታነበው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሌላ ነገር ይናገራል። ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን በገረፈው ጊዜ ወደ ዱር ሸሸ እንጂ ትምህርቱን አልያዘም። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉ ላይ ሊወጣ ሲሞክር፤ ሲወድቅ፤ ደግሞ ሲወጣ፤ በመጨረሻም ካሰበው ሲደርስ አየ፤ ካየውም ነገር ራሱን መክሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ያሬድን የመለሰው አለንጋው ሳይሆን ትሉ ነው። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ለሕፃናት ስለ ትዕግሥት ይነገራል፤ ለመምህራንም ስለ አለንጋ ቢነገር መልካም ነበረ።

ለቀደሙት አባቶች ፍርድ ማጓደል ግን አይገባም። የንባብ ቤት ሥርዓት ሕፃኑን ዝም ብሎ ለማስጮኽ የተሠራ አይደለም። ልጁ በመጀመሪያ ሀ ሁ ሂ እያለ ፊደሉን በተራው በስንጥር እየነካ ይቈጥራል። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ከፊደሉ ይርቅና አፉ ብቻውን ይሄዳል፤ ተራውን በዜማ ስለ ያዘው፤ ሰማይ ሰማይ እያየ እስከ ፐ ይደርሳል። አባቶች ይህን አውቀው አቡጊዳን አኖሩ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል የለመደው ተራ ሁሉ ይፈርሳል፤ ልጁ የእያንዳንዱን ፊደል መልክ ካላወቀ በቀር የአፍ ልማድ አያድነውም። በቃሉ የሸመደደውን ልጅ ካወቀው ልጅ የሚለይ እንዲህ ያለ ፈተና በሕፃንነት ዘመን ማኖራቸው ትልቅ ጥበብ ነው። የሚያሳዝነው በብዙ ቦታ አቡጊዳውም ራሱ እንደ ሀ ሁ በዜማ ተጠንቶ መቅረቱ ነው። መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ያዘ።

የአባቶች ጥበብ ግን ሙሉ ሆኖ የሚታየው በቅኔ ቤት ነው። ወደ ቅኔ ቤት የሚሄደውን ተማሪ ማንም ጎትቶ አይወስደውም። ብዙ ጊዜ ከወላጆቹ ተሰውሮ፤ ደበሎውን ለብሶ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ፤ ስሙን የሰማውን መምህር ፍለጋ ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል። ዋሸራ፤ ጎንጅ፤ ዋድላ እየተባሉ በስም የሚጠሩት የቅኔ ቤቶች በዚህ ዓይነት ተማሪ የተሞሉ ነበሩ። በመምህሩ ትምህርት ያልረካ ተማሪ ጎጆውን ትቶ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል፤ ይህን በማድረጉም እንደ ኮብላይ አይቈጠርም፤ መምህሩም አይቀየመውም።

እንደ ደረሰም ለብዙ ዓመት አዳማጭ ብቻ ሆኖ እንዲቀመጥ አይደረግም። ግስና እርባታ በጥቂቱ እንደ ያዘ፤ ከቅኔ ሁሉ የምታንሰውን፤ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና እንዲቈጥር ይታዘዛል። ቀን ጫካ ገብቶ ወይም ከቅጽሩ ጥግ ተቀምጦ ይቈጥራል። ሰሙ ምን ይሁን፤ ወርቁስ ምን ይሁን ብሎ የሚመርጠው እርሱ ራሱ ነው። ንቡን ቢሻው፤ ወንዙን ቢሻው፤ የተራበ ሆዱንም ቢሻው ሰም ያደርገዋል። ማታ ለአስነጋሪው፤ ኋላም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ፤ ይህ ግስ ከዚህ ባለቤት ጋር አይስማማም፤ ሰምህም ወርቅህን አልያዘውም ብሎ ያፈርስበታል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ ጓደኞቹ ይሥቁበታል። እንዲህ እያለ ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፤ ከዚያም አምስት ቤት ወዳላት ዋዜማ፤ በኋላም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል።

ይህ ሥርዓት ልብ ሊባል ይገባዋል። ሰዋስውን ጨርሶ ካወቀ በኋላ ቅኔ መቍጠር የሚጀምር ተማሪ የለም፤ ሰዋስው የሚገባው ቅኔ ሲቈጥር ነው። ዳዊትን ለዓመታት በቃሉ ሲደግም ምን እንደሚል ያላወቀው ሰው፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ጉባኤ ቃና ካፈረሰና ካበጀ በኋላ አንድ ሌሊት ዳዊቱን ሲገልጥ ቃሉ ሁሉ ያነጋግረዋል። በዚያች ሌሊት ስንቱ ተማሪ እንዳለቀሰ ቅኔ ቤት የዋለ ያውቀዋል። ዳግመኛም በቅኔ ቤት ተማሪ ተማሪን ያስተምራል፤ ከእርሱ ጥቂት የቀደመው ያስነግረዋልና መምህሩ አንድ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ይማራል። መሳሳት ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው ባዶ እጅን መምጣት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ከሆነ፤ ራስ ሠርቶ የመማር ደስታ ለምን በመንገዱ መጨረሻ ተቀመጠ? ፊደል ከቈጠሩት ሕፃናት ዳዊት የሚደግሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዳዊት ከደገሙትም ቅኔ ቤት የሚደርሱት ከጥቂቶቹ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ከደጁ ድረስ መጥተው በሩ ሳይከፈትላቸው የተመለሱ ናቸው። ለሴቶች ልጆችማ መንገዱም አልተጠረገላቸውም ነበር። የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሳሉ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው የቅኔ መምህርት ሆነዋል፤ ከእግራቸውም ሥር ወንዶች ተማሪዎች ተቀምጠው ተምረዋል። በሩ ለአንዲት ሴት ሲከፈት ይህን ያህል ከታየ፤ ተዘግቶባቸው የቀሩት ምን ያህል ይሆኑ?

ለጎሬ ሰው የጉባኤ ቤት ፍሬ እንግዳ አይደለም። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ጳጳሷ የነበሩት፤ በ1929 ዓ.ም. በዚሁ በጎሬ በፋሺስት ወታደሮች ተረሽነው ሰማዕት የሆኑት ብፁዕ አቡነ ሚካኤል፤ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። አገሪቱ ከራሷ መምህራን መካከል መርጣ ጳጳስ ማግኘት የጀመረችው በእነርሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ቦታ የሚነገረው የአብነቱን ትምህርት ለመንቀፍ አይደለም፤ በላይኛው ቤት ያለውን መልካም ነገር ወደ ታችኛው ቤት ለማውረድ ነው።

ይህን የማውረድ ሥራ በሌላ አገር በሌላ መንገድ የሞከሩ ሰዎች አሉ። በሮም ከተማ ሳን ሎሬንዞ በተባለው የድሆች ሰፈር፤ ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባለች ሐኪም በ1899 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 ቀን፤ በኢትዮጵያ የልደት ዋዜማ በሆነው ዕለት፤ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ ላጡ ሕፃናት አንድ ቤት ከፈተች። አናጢዎች ብርጭቆ ወረቀት ከሚሉት ሻካራ ወረቀት ፊደል አስቈርጣ ልጆቹ በጣታቸው እንዲዳስሱት ሰጠች። እያንዳንዱም ልጅ ከቀረበለት ዕቃ የወደደውን መርጦ እስኪበቃው ድረስ እንዲሠራበት ተወችው፤ መምህሪቱም ከመናገር ይልቅ መመልከትን ሥራዋ አደረገች። የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች መጻፍ በጀመሩ ጊዜ ወሬው ባሕር ተሻገረ። የዚህ ነገር ምጸቱ ከድሃ ሰፈር የተጀመረው ትምህርት በብዙ ከተማ፤ በአዲስ አበባም ጭምር፤ ከፍሎ ለሚያስተምር ሰው ልጅ መማሪያ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥ ግን የድሃውን ልጅ ያልዘነጋ ሥራ ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ኢትዮጵያ የተጀመረው ስፒድ ስኩል የሚባለው ትምህርት፤ ከትምህርት ቤት የቀሩትን ወይም ያቋረጡትን ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጆች ሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ትምህርት በ10 ወር የሚያስጨርስ ነው። ልጆቹ በአንድ ክፍል 30 ያህል ይሆናሉ፤ በትንንሽ ቡድን ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ፊደሉን ከጭቃ ይሠሩታል፤ ሒሳቡንም ገበያ አቁመው፤ ሸጠውና ገዝተው ይማሩታል። ከዚያም ከእኩዮቻቸው ጋር ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባሉ። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች እነዚህን ልጆች ለዓመታት ተከታትለው፤ ቀድሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከነበሩት ጋር ሲያስተያዩአቸው በትምህርት ጸንተው መቆየታቸው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ለዚህ ሰበካ ከሁሉ የሚጠቅመው ወሬ ግን የሚከተለው ነው፤ አስተማሪዎቹ ከየአካባቢው የተመረጡ፤ አጭር ሥልጠና ብቻ የተሰጣቸው ወጣቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ወጣት በእያንዳንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት አይጠፋም።

መንግሥትም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ ከዚያም ወዲህ ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት የሚለው ቃል ከመምህራን አፍ አልጠፋም። ነገር ግን በብዙ ቦታ ይኸው ቃል ራሱ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ተማሪዎች በደብተራቸው ገለበጡት። ክፍሉ ከልክ በላይ ለሞላበት፤ ፈተናውም ለሚያስቸኩለው መምህር ከዚህ በላይ መፍረድ ግፍ ነው። ሰበካው ግን ደወል የለበትም፤ የማለፊያ ፈተናም የለበትም። ጊዜው ለእርሱ የተተወ ነው።

ይህ ሲባል ልጅ ሁሉን ነገር ራሱ ፈልጎ ያግኝ ማለት አይደለም። ዜማ አይፈለሰፍም፤ ይወረሳል። ግዕዝ፤ ዕዝልና አራራይ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሳይሸራረፉ የሚተላለፉ ናቸው፤ ዲያቆንም በቅዳሴ የሚሰጠውን ተሰጥኦ በምርምር አያገኘውም። ቅኔ ቤትም ቢሆን ግስ ሳያስጠና ቅኔ አያስቈጥርም። በቃል መያዝን የሚንቁ የዘመኑ መምህራን በዚህ ይሳሳታሉ። በቃል መያዝ እህልን ወደ ጎተራ እንደ ማስገባት ነው፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ የሚፈጭና የሚጋግር ሲታጣ ግን ቤተ ሰቡ ይራባል።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፤ በዚህ ቅጽር ሊሠራ የሚቻል አንድ ትምህርት ይቅረብ። እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። ብዙ ምእመናን ባሕረ ሐሳብን ሊቃውንት ብቻ የሚደርሱበት ምሥጢር ያደርጉታል። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህን ቍጥር ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ተገለጠለት ይላል፤ ድሜጥሮስም አስቀድሞ ወይን የሚተክል ገበሬ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም። ለገበሬ የተገለጠውን ቍጥር ከገበሬ ልጅ መሰወር ምን ይባላል?

የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ ቁና የቡና ፍሬና ሁለት ቅርጫት ነው። የ2018 ዓ.ም. ሒሳብ ለምሳሌ ይወሰድ። ዓመተ ዓለሙን ማውጣት የትልልቆቹ፤ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ድርሻ ነው። 5500 ዓመተ ኵነኔና 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመሩ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል፤ ከዚህም አንዱ ለዘመኑ ሲቀነስ 12 ይቀራል። ይህ 12 ወንበር ይባላል። እስከዚህ ድረስ ያለው በወረቀት ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የታናናሾቹ ነው። ወንበሩ 12 ስለ ሆነ 12 ልጆች ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም 30 የቡና ፍሬ ቈጥረው እንዲይዙ ይነገራቸዋል። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገረው ቶኮ፤ ለማ፤ ሰዲ ብሎ ይቍጠር፤ አማርኛ የሚናገረውም በአማርኛ ይቍጠር፤ ቀጥሎ ሁሉም አሐዱ፤ ክልኤቱ፤ ሠለስቱ ብለው በግዕዝ ይድገሙት። እያንዳንዱ ልጅ ከያዘው 30 ፍሬ 11ዱን በቀኝ ቅርጫት፤ 19ኙን በግራ ቅርጫት ያግባ። የቀኙ የአበቅቴ፤ የግራው የመጥቅዕ ቅርጫት ነው። ሁሉም ሲጨርሱ ከየቅርጫቱ 30 30 እየቈጠሩ ያውጡ። ከቀኙ ቅርጫት አራት ሠላሳ ወጥቶ 12 ፍሬ ይቀራል፤ ከግራው ሰባት ሠላሳ ወጥቶ 18 ፍሬ ይቀራል። የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፤ መጥቅዑም 18 ነው።

እዚህ ላይ ያለ ጥርጥር አንድ ልጅ የቀሩትን ሁለቱን ይደምራቸዋል። 12ና 18፤ 30። ሌላ ዓመት ተወስዶ ሌላ ወንበር ሲሞከርም፤ የልጆቹ ቍጥር ቢበዛም ቢያንስም፤ የቀሩት ሲደመሩ ያው 30 ይሆናሉ። ለምን? ይህን ጥያቄ ከመምህሩ በፊት ልጆቹ ይጠይቁታል። በቃሉ የተማረ ደቀ መዝሙር፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ከ30 አይወጡም የሚለውን ሕግ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን ያልጠየቀው ብዙ ነው። ልጆቹ ግን እጃቸውን ያያሉ። እያንዳንዱ የያዘው 30 ነበረ፤ ከፍሎ ጣለው እንጂ አልጨመረበትም አልቀነሰለትም። የወጣውም በሠላሳ በሠላሳ ነው። እንግዲያስ የቀረው ከ30 ሌላ ወዴት ይሄዳል? ይህን ራሷ ያገኘች የ10 ዓመት ልጅ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም። መምህሩ ቸኵሎ የነገራት እንደ ሆነ ግን እስከ ሰኞ ድረስም አይቆይ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ጥያቄን ይወልዳል። 11ና 19 ከየት መጡ የሚል ይነሣል፤ ለእርሱም የድሜጥሮስ ሱባኤ ይነገረዋል። 23 ሱባኤ ቀኑ ቢቈጠር 161 ነው፤ በሠላሳ ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ 7 ሱባኤም 49 ነው፤ ሲገደፍ 19 ይቀራል። ይህንንም በቡናው ይሞክሩት። ጾመ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ የምትገባው ለምንድን ነው የሚልም ይነሣል። መጥቅዑ 18 ከ14 በላይ ስለ ሆነ በመስከረም ይውላል፤ የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ስለ ነበረ መስከረም 18 ቀን እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና 18ና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ፤ ነነዌም ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባች። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 ያሉትን 120 ቀናት ልጆቹ በሰባት በሰባት ቢያካፍሉ 17 ሳምንት ሆኖ አንድ ቀን ይተርፋል፤ እሑድ የነበረው ሰኞ የሚሆነው በዚህች በተረፈችው ቀን ነው። የሌሎቹ ዕለታት ተውሳክ፤ የሰኞ 6፤ የማክሰኞ 5፤ የቀዳሚት 8 የሆነበትን ምክንያት በዚሁ መንገድ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከነነዌ ሰኞ 69 ቀን ቈጥረው ፋሲካን በሚያዝያ 4 ቀን ባገኙ ጊዜ፤ በቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቍጠሪያ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው ቈጥሮ ያወጣው መሆኑን ያያሉ። ሒሳቡ የትምህርት ቤቱ ነው፤ በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቡናው የእናታቸው ነው።

በዚህ ጊዜ ለመምህሩ የሚከብደው ነገር ዝም ማለት ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰው ልጅ ሲሳሳት እያየ መታገሥ ከጾም ይልቅ ይከብደዋል። ነገር ግን ጌታ በ12 ዓመቱ በመቅደስ በተገኘ ጊዜ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ነበር፤ መምህራኑም አላባረሩትም፤ በማስተዋሉ ተደነቁ እንጂ። በኢያሱም ዘመን 12ቱ ድንጋዮች ከዮርዳኖስ ወጥተው የተተከሉት ልጆች አይተው፤ ይህ ምንድን ነው ብለው እንዲጠይቁ ነው። መልሱ ለጠያቂ ልጅ የተዘጋጀ ነበረ፤ ላልጠየቀ የተነገረ አይደለም።

ይህን ያህል ሲባል በዚህ ደብር ምንም አልነበረም ማለት አይደለም። የሆሳዕና ዕለት ሕፃናቱ ዘንባባውን ሰንጥቀው ቀለበትና መስቀል ሲጐነጉኑ የሚያስተምራቸው አንድ ትልቅ ሰው የለም፤ ያወቀው ላላወቀው ያሳያል፤ የተበላሸበትም ፈትቶ እንደ ገና ይጀምራል። በዚያች ዕለት ማንም ልጅ አልቻልሁም ብሎ ሲያለቅስ አይታይም። የሚፈለገው ይህችን አንዲት ቀን በየሳምንቱ ማድረግ ነው።

ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። ቦታውም ከደጀ ሰላሙ ፊት ያለው ሜዳ ነው፤ ዝናብ ሲሆን አዳራሹ። የሚያስነግሩት ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች፤ ከእነርሱም ቢያንስ አንዲቱ ሴት ብትሆን መልካም ነው። ዜማውና የቅዳሴው ትምህርት በነበረበት ሰዓት እንደ ነበረ ይቆይ። የ2018 ዓ.ም. ሒሳብ በዚህ ንግግር ተፈትቶ ስለ ቀረበ ከእንግዲህ ለልጆቹ አይጠቅምም። የ2019 ዓ.ም. ግን ዓመተ ዓለሙ 7519 መሆኑ ብቻ ይነገራቸው፤ ስንት ልጅ ቡና መያዝ እንደሚያስፈልግ ራሳቸው ያውጡት። በዚያ ዓመት መጥቅዑ ከ14 በታች ስለሚሆን በመስከረም አይውልም፤ ስለዚህ ልጆቹ ከመንገድ ላይ መሰናከላቸው አይቀርም። በሚሰናከሉበት ሰዓት መልሱን የሚያውቁ ካህናት በአጠገባቸው ባይቆሙ ይሻላል። ቡናውም ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ቢመጣ ይበቃል።